ከላይ ያልታየው ሰፈር

ሰኞ ጠዋት የአዲሱ ከተማ ፕላን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ አንዱን ጫፍ የያዘችው ቀለሜ ነበረች። ፕላኑ የግድግዳውን እኩሌታ ይሸፍናል። መሃሉ ላይ ትልቅ ክብ መናፈሻ አለ። እሱን ከብበው መኖሪያ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ቀጥሎ ዎርክሾፕና ፋብሪካ፣ ከሁሉም ውጭ ደግሞ ከተማውን ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ሰፊ አረንጓዴ፣ እርሻና ግጦሽ ደንም ጭምር። ይኼን የዳሩን አረንጓዴ ቢሮው "መቀነቱ" ይለዋል። መቀነቱን የቀባችው እሷ ናት። አምስት ወር ሙሉ ምሳዋን ኮምፒውተር ፊት እየበላች፣ ዓይኗ ደም እስኪመስል ቀብታዋለች።

ቀለሜ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ልጅ ሳለች ከደብተር ላይ አልነሳ እያለች ራት ሲቀዘቅዝ ያሳደጋት አጎቷ ያወጣላት ስም ነው። ቢሮ ድረስ ተከትሏት መጥቶ እዚያም ጸደቀ።

አለቃዋን ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባው "ኮምፓስ" ነው የሚለው፣ ከክብ ሌላ ቅርጽ አይታየውምና። ክፉ ሰው አይደለም። የአትክልት ከተማ የሚባለው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በፊት የታሰበ ቢሆንም፣ እሱ ትናንት ማታ በሕልሙ የመጣለት ይመስል ሲያወራው ፊቱ ይበራል። ከተማው ከተወሰነ ሕዝብ በላይ አይይዝም። መሬቱ የጋራ ነው፣ ማንም እየሸነሸነ አይቸበችበውም። ሰው ሥራው ለቤቱ ቅርብ ይሆናል፣ ከደጁ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ሳይራመድ ዛፍ ጥላ ሥር ይደርሳል። መቀነቱ ደግሞ አይነካም። ከተማው እንደ ሊጥ እየተንሰራፋ ገጠሩን እንዳይበላው የሚያግደው እሱ ነው። ኮምፓስ "መቀነቱ ከተበጠሰ ሱሪው ወረደ ማለት ነው" ይላል፣ ይስቃል፣ ሌላውም አለቃ ነውና አብሮ ይስቃል።

መቀነቱ የት የት እንደሚያልፍ የተወሰነው በአየር ፎቶ ነው። ፎቶው ስድሳ አራት ቦታ ተቆራርጦ መጣ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ጣራ ከታየ ቤት አለ፣ ጣራ ካልታየ ቤት የለም። ቤት የሌለበትና አረንጓዴ የሆነ ሁሉ መቀነት ውስጥ ይገባል። እግሩን አንሥቶ ቦታው ድረስ የሄደ አንድም ሰው የለም። መኪና ሲጠየቅ ነዳጅ የለም ተባለ፣ ነዳጁ ሲገኝ ጊዜው አለቀ ተባለ፣ እንዲሁ በዚያው ቀረ።

ቀለሜም ሰው ናትና የአጎቷን ሰፈር ፈልጋ ነበር። ከወንዙ አጠገብ መሆኑን ታውቃለች። ኮምፓስ ፎቶውን ሁሉ ለዋናው ጎዳና እንዲመች አዙሮት ስለነበር ሰሜኑ ከደቡቡ ቢምታታባትም፣ አርባ አንደኛው ቁራጭ ላይ ወንዙን አገኘችው። ከወንዙ ዳር ረጃጅም ቆርቆሮ ጣራዎች ቀጥ ባለ መስመር ተደርድረዋል። "ይኸውና የኛ ሰፈር፣ ሥርዓቱ ራሱ ይናገራል" አለችና ቢጫ ቀባችው። ቢጫ መኖሪያ ነው፣ ቢጫ አይነሳም። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፏን ለጥ ብላ ተኛች።

ፕላኑ ከተሰቀለ በኋላ ጭብጨባ ሆነ። ኮምፓስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መቀነቱ ውስጥ እዚህም እዚያም የጥበቃ ጎጆ ምናምን ሊኖር ስለሚችል የማንሻ ደብዳቤ ቅዳሜ ዕለት መበተኑን ተናገረ። ሁለተኛ ዙር ተጨበጨበ። ቀለሜም አጨበጨበች። እጇ ሳይወርድ ስልኳ ጠራ። አጎቷ ነው።

"ቀለሜ፣ ከሥራ አናጠብኩሽ?"

"ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ! ሰላም ነህ? እቴቴስ?"

"ሁላችንም ደህና ነን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ካልተመቸሽ ሌላ ጊዜ ይሁን።"

"ጠይቀኝ እንጂ።"

"ቅዳሜ ሁለት ሰዎች መጥተው በየበሩ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ተሳስተው ነው መሰለኝ። ሰፈሩ ደግሞ 'ያንተ ልጅ እዚያ አይደለች የምትሠራው፣ ጠይቅልን' ብሎ ያዘኝ። ላንብብልሽ?" ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማት። አጎቷ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አሳምሮ አነበበ። "'በአረንጓዴ መቀነት ክልል ውስጥ የሚገኝ ማናቸውም ግንባታ በሠላሳ ቀናት ውስጥ እንዲነሳ እናሳውቃለን።' እኛን አይመለከትም አይደል?"

ቀለሜ ክው አለች። "አይመለከታችሁም ጋሼ፣ ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዴት ወንበሯ ጋ እንደደረሰች አታውቀውም።

አርባ አንደኛውን ቁራጭ ከፈተች። ሰሜኑን ወደ ቦታው መልሳ አዞረችው። ወንዙ ያው ወንዝ ነው። ረጃጅሞቹ ጣራዎች ግን በወንዙ ወዲያኛው ዳር ናቸው። ወዲያኛው ዳር ያለው ምን እንደሆነ ደግሞ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በጩኸቱ ነቅታለች። የዶሮ እርባታው ነው። ቀለሜ ለስንት ሺህ ዶሮ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጥታለች።

የአጎቷ ሰፈር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። አጎላችው፤ ቅጠል። እንደገና አጎላችው፤ አሁንም ቅጠል። መሃሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች። ከአምስት ወር በፊት "ኩሬ" ብላ ምልክት ያደረገችባት ነጥብ ናት። ኩሬ አይደለችም። የሰፈሩ የጋራ ውኃ ታንከር ክዳን ነው። ክዳኑን ሰማያዊ የቀባችውም እሷው ራሷ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ነው።

ሰፈሩ "ችግኝ ጣቢያ" ይባላል። ነዋሪዎቹ በሙሉ ድሮ እዚያው የነበረ ችግኝ ማፍያ ሠራተኞች ናቸው። ማፍያው ሲዘጋ መሬቱ ለሠራተኞቹ በጋራ ተሰጠ። አንዱ ለብቻው መሸጥ አይችልም። መቶ አርባ ሦስት አባወራ ናቸው፣ ከዚያ በላይ ላለመሆን ተፈራርመዋል። የመሣሪያ እጀታና ወንበር የሚሠሩበት የጋራ ዎርክሾፕ አላቸው፣ ጠዋት በእግራቸው ይሄዱበታል። ሕይወታቸውን ዛፍ ሲያሳድጉ የኖሩ ሰዎች የራሳቸውን ደጅ ባዶ ሊያደርጉት አይችሉም። ማንጎው ከአቮካዶው፣ አቮካዶው ከዘይቱናው ተቃቅፎ መንገዱን ከላይ ዘግቶታል፤ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ የሚይዝ የለም። ኮምፓስ በስላይድ የሚያሳየውን ሁሉ እነዚህ ሰዎች ስላይድ ሳያዩ ኖረውታል። ስለኖሩትም ከላይ አልታዩም። ካልታዩ ደግሞ የሉም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደብዳቤ ለጣፊዎቹ ናቸው። ቤት የለም በተባለበት ቦታ መቶ አርባ ሦስት በር አግኝተው፣ መቶ አርባ ሦስት ወረቀት ለጥፈው፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ተመለሱ። ለጥፉ ተባሉ፣ ለጠፉ።

ቀለሜ ኮምፓስ ቢሮ የገባችው አንኳኩታ ይሁን ሳታንኳኳ አላስታወሰችም።

"ኢንጂነር፣ አጥፍቻለሁ።"

"ምን አጠፋሽ?"

ላፕቶፑን ፊቱ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ዶሮዎቹን፣ ታንከሩን፣ አጎቷን። ኮምፓስ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ውኃ ቀድቶ ሳይጠጣው ቀረ።

"መቶ አርባ ሦስት ቤት?"

"አዎ።"

"ከዛፍ ሥር?"

"አዎ፣ ኢንጂነር።"

"እንዴት ነው መቶ አርባ ሦስት ቤት ከሰው ዓይን የሚጠፋው?" አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ የደነገጠ ነው የሚመስለው። "መቀነቱ ውስጥ መኖሪያ ማስገባት አልችልም። ዛሬ አንድ ሰፈር ባስገባ ነገ ሃምሳው ይሰለፋል። ግን ደግሞ እንዴት አድርጌ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። "ሐሙስ ቀያሹን ይዘሽ በእግርሽ ሂጂ። እያንዳንዱን በር ቁጠሩ። ዓርብ ፕላኑን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት አቀርበዋለሁ። እስከዚያ አስብበታለሁ።"

ተስፋ ማለት እንዲህ ነው፣ ትንሽም ቢሆን ሰውን ያሰክራል። ቀለሜ ኮሪደር ላይ ቆማ አጎቷ ጋ ደወለች።

"ጋሼ፣ ስህተት ነው። የኔ ስህተት ነው፣ አፈር ስሆን ይቅር በለኝ።"

"ምን አደረግሽና?"

"ካርታው የተሠራው ከላይ በተነሳ ፎቶ ነው። ዛፎቹ ጣራችሁን ሸፍነውት አልታያችሁም። ቤት መኖሩን ማንም አላወቀም። እኔ እንኳ አላየኋችሁም!"

"ዛፉ ነዋ ያስነሳን?" አለ አጎቷ ቀስ ብሎ።

"ዛፉ ሳይሆን እኔ ነኝ። ግን አይዞህ፣ ሐሙስ እንመጣለን። እንድትታዩ አደርጋለሁ። ከታያችሁ አለቀ።"

"ከታየን አለቀ" አለ እሱም። አንድ ትእዛዝ ተቀብሎ ለማረጋገጥ የሚደግም ሰው አነጋገር ነበር። "ገባኝ። ሐሙስ ነው ያልሽው? ሦስት ቀን አለን ማለት ነው። በቃ አንቺ አትጨነቂ፣ የኛን ለኛ ተይልን።"

ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች። "የኛን ለኛ ተይልን" ያለው ምኑን እንደሆነ መጠየቅ ወደ ልቧም አልመጣም።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፓስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙን የትናንቱን እንደለበሰ ገባ። እጁ ላይ በእርሳስ የተሠራ ንድፍ አለ።

"እንቅልፍ ነሳሽኝ" አላት። "ስሚ። መኖሪያ ከሆነ መቀነቱን ይበጥሰዋል፣ አይደል? ግን ከላይ ደን ከሆነስ? መቀነቱ አልተበጠሰም! ከላይ ደን፣ ከታች ሰው። አዲስ ምድብ እንፈጥራለን፣ 'የዛፍ ሰፈር' ብለን። እኛ ከሃያ ዓመት በኋላ እናየዋለን ብለን የምናልመውን እነዚህ ሰዎች ቀድመውን ሠርተውት ቁጭ ብለዋል። እኔ እኮ ፈርሜ ላፈርሰው ነበር!" ግንባሩን በመዳፉ መታ። "የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ደውዬ ነበር፣ ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ ከሰፈሩ ስፋት ከግማሽ በላይ በዛፍ የተሸፈነ ይሁን። ከግማሽ በታች ከሆነ ተራ መኖሪያ ነው፣ ይነሳል።"

"ከግማሽ በላይ?" ቀለሜ በሳቅና በለቅሶ መሃል ሆነች። "ኢንጂነር፣ እነሱ ጋ እኮ ፀሐይ የምትገባው ተለማምጣ ነው!"

ወዲያው ልትደውል ስልኳን አነሳች። ግን ተወችው። ሰኞ መርዶ ያሰማችውን ሰው ምሥራቹን በስልክ ማሰማት አነሰባት። ሐሙስ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ በአካል ቆማ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ልትነግራቸው ፈለገች። የአጎቷ ሚስት እቴቴ እልል ስትል፣ አጎቷ ደግሞ እንባው እንዳይታይበት ፊቱን ሲያዞር ታያት። ሰው ለራሱ ደስታ ሲል እንዲህ ያለ ስሌት ይሠራል። በኋላ ቀለሜ ራሷን ይቅር ያላለችው በፎቶው ሳይሆን በዚህች ነው።

ረቡዕ ደግሞ የአጎቷ ሚስት ደወለች። ከጀርባዋ የሞተር ጩኸት አለ።

"ልጄ፣ ዝናብ የማያጥበው ነጭ ቀለም የት ይገኛል?"

"ምን ልትቀቡ ነው፣ እቴቴ?"

"አንቺ ብቻ ንገሪኝ። አጎትሽ ለሐሙስ ጉድ ነው የሚያሳይሽ!"

እንግዳ ሊቀበሉ ግድግዳ የሚቀቡ መሰላት። ሳቀች። የቀለም ሱቁን ነገረቻት፣ የዘይት ቀለም እንዲሆንም መከረች። ጩኸቱ የምን እንደሆነ ብትጠይቅ ኖሮ ቢያንስ ግማሹ ይተርፍ ነበር። አልጠየቀችም። የነሱ ዎርክሾፕ መቼም ከጩኸት ተለይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ከቀያሹ ጋር በቢሮው ፒክአፕ ወጡ። ቀያሹ ቀልደኛ ቢጤ ነው፤ መንገዱን ሙሉ "ዶሮዎቹ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ምን ይላሉ?" እያለ ሲያስቃት ሄደ። ከዋናው አስፋልት ወርደው ወደ ወንዙ ሲታጠፉ ቀለሜ መስኮቱን ከፈተች። እዚያ ጋ ሁልጊዜ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ከማንጎዎቹ ሥር ሲገቡ መኪናው ውስጥ ድንገት ይጨልማል፣ ትንሽ ሳለች እዚያ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

አልጨለመም።

"ተሳሳትን እንዴ?" አለች።

"ጂፒኤሱ እዚህ ነው የሚለው።"

መጀመሪያ ያየችው ብርሃን ነው። መቶ አርባ ሦስት ቆርቆሮ ጣራ በአንድ ጊዜ ፀሐይ አርፎበት ዓይን ይወጋል። ከዚያ ጉቶዎቹን አየች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየደጁ፣ በየአጥሩ ሥር፣ ገና እርጥብ የሆነ ነጭ ጉቶ። ግንዱ በውፍረቱ ተለይቶ ተከምሯል፣ ቅርንጫፉ ለብቻው ታስሯል፣ ቅጠሉ እንኳ ተጠርጎ አንድ ጥግ ተሰብስቧል። የነሱ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በሦስት ቀን ሲሶውን ቆርጦ የቀረውን አዝረክርኮ ይተወው ነበር። እነዚህ ግን ተራ አውጥተው፣ መጋዝ ተከፋፍለው፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተካው፣ ሠላሳ ዓመት ያሳደጉትን ዛፍ ምንም ሳያስቀሩ ጨርሰውታል።

ቀለሜ ከመኪናው ወረደች። ቀያሹም "ወይኔ!" አለ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

በየጣራው ላይ በትልልቁ በነጭ የዘይት ቀለም ቁጥር ተጽፏል። 12። 13። 14። ሰዉ ሁሉ ደጅ ወጥቷል። ደህና ደህና ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ሰማዩን ያያል።

አጎቷ እየሮጠ መጣ። ሰባ ዓመቱ ነው፣ ግን ሮጠ። ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል። መዳፉን ጨርቅ ጠምጥሞበታል፣ በጨርቁ ላይ ደም አልፎ ይታያል። ዓይኑ ግን ይስቃል።

"እህስ፣ ቀለሜ! አንድም ጣራ አላስቀረንም! ሌሊቱንም በፋኖስ ሠራን። ቁጥሩን ደግሞ ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ከላይ ሆነው ሲቆጥሩ እንዳይደክማቸው ብዬ። የኛ 87 ነው፣ አየሽው?" ወደ ሰማይ ቀና አለ። "አውሮፕላኑስ? በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?"

"ጋሼ" አለች።

"ምነው? ዘገየን እንዴ?"

"ጋሼ፣ ምን አደረጋችሁ?"

"ከታያችሁ አለቀ አላልሽም?" ፈገግታው አሁንም ፊቱ ላይ አለ፣ ግን መዋዠቅ ጀምሯል። "አንዳንዶቹ አልቅሰዋል፣ አልደብቅሽም። እቴቴሽ የሎሚዋ ተራ ሲደርስ ቤት ገብታ በር ዘጋች። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ዛፍ እናበቅላለን፣ ሙያችን ነው፣ ቤት ግን ካፈረሱት አይበቅልም አልኳቸው። እጅ አውጥተን ወሰንን። የተቃወመ የለም።"

ቀያሹ ፎርሙን ይዞ መጣ። ምስኪን፣ ሌላ የሚያደርገው ቢጠፋው ሥራውን ልጀምር ብሎ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"የዛፍ ሽፋን የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?"

አጎቷ ሰማው። ፎርሙን አየ፣ ቀለሜን አየ፣ ደግሞ ፎርሙን አየ።

"ዛፉ ለምን ይቆጠራል?" አለ።

ከዚህ በኋላ መዋሸት አይቻልም። ነገረችው። የሚመጣ አውሮፕላን እንደሌለ፣ በእግር መጥተው በር ሊቆጥሩ እንደነበር፣ ማክሰኞ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ እንደነበር ነገረችው። ከግማሽ በላይ ዛፍ ካለ ሰፈሩ ለዘላለም እንዳይነካ ተወስኖ ነበር አለችው። ምሥራቹን በአካል ልነግራችሁ ብዬ ነው ሳልደውል የቀረሁት አለችው። እየተናገረች ራሷን ጠላችው። እያንዳንዱ ቃል እሱ ላይ ሲያርፍ ታየዋለች፣ ማቆም ግን አትችልም።

አጎቷ አልጮኸም። አልተቆጣም። አጠገቡ ያለ ጉቶ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና እጁ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ መፍታት ጀመረ፣ ፈትቶ ሳይጨርስ ተወው።

"ማክሰኞ" አለ። "ማክሰኞ እኮ ገና የታችኛው ረድፍ ላይ ነበርን።"

ቀለሜ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ፀሐዩ ማጅራቷን ያቃጥላታል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ፀሐይ እንዲህ ሲያቃጥላት የመጀመሪያዋ ነው።

"ግማሽ ብለህ ጻፍ" አለች ቀያሹን፣ ቀና ሳትል። "ከግማሽ በላይ ብለህ ጻፈው። እኔ እፈርማለሁ።"

"ተይ" አለ አጎቷ። "ነገ መጥተው ቢያዩትስ? አንቺንም ይዘን ልንወድቅ ነው? ልክ ልኩን ይጻፍ፣ የኔ ልጅ። ዜሮ በል፣ ወንድሜ።"

ቀያሹ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ቆየ፣ ቆየና ጻፈ።

"ነገ ምን ይላሉ?" አላት አጎቷ።

"ኮሚቴው ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ ጋሼ። ያስቆረጥኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ፣ እለምናለሁ። ግን..." "ግን ይነሱ ነው የሚሉት።"

"ይነሱ" አለ እሱ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ወደቆመው ሕዝብ ተመለከተ። ሕዝቡ አሁንም አንጋጦ ይጠብቃል። እቴቴ ትልቅ ነጭ ሻሽ በእጇ ይዛ ከደጇ ቆማለች።

የሆነ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው፣ ከሩቅ፣ ከደመናው በላይ። የታችኛው ረድፍ ላይ አንዱ "መጣ! መጣ!" ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ በሙሉ ሆ አለ። ወንበር ላይ የወጣ አለ፣ መሰላል ይዞ ጣራው ላይ የወጣ አለ። በጣም ከፍ ብሎ፣ ከጣት ጥፍር ያነሰ የመንገደኛ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየሳለ ይሄዳል፣ ማን ያውቃል ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ። እቴቴ ሻሹን ከራሷ በላይ እያውለበለበች ትዘላለች። "እዚህ ነን!" ይላሉ። "አዩን! አዩን!" ይላሉ፣ ይተቃቀፋሉ።

ቀለሜ ልትነግራቸው ብድግ አለች። አጎቷ ክንዷን ያዘ።

"አሁን አይደለም" አላት። "ማታ እኔው እነግራቸዋለሁ። አሁን ተያቸው።"

ጉቶው ላይ ወጥቶ ቆመና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። እሱም "እዚህ ነን!" እያለ መጣራት ጀመረ። ቀለሜም አጠገቡ ቆማ እጇን አነሳች።